ከገመዱ ሥር ሁለት ጣት

ወዳጆቼ፣ እስቲ አረፍ በሉና ስሙኝ። ስለ አንድ ሰው ንስሐ ልነግራችሁ ነው፤ ንስሐን ላጣጥል ግን አይደለም። እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ካለ ከኔ ጋር አይቀመጥ። የምነግራችሁ፣ ሰው ይቅር ሲል አስቀርቶ ስለሚይዘው ነገር ነው።

ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1916 ዓ.ም ነበር። በእኛ በኒያስ ደሴት የሆላንድ ሹማምንት ከወደቡ ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ በየመንደሩ ወንድ ጉልበት ያስቆፍሩ ነበር፤ ጀርመኖቹ ቄሶች ደግሞ በየኮረብታው የጸሎት ቤት ተክለው፣ ደወል ሰቅለው፣ ከጥቂት ምእመን ጋር ብዙ ዘመን ተቀምጠው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር መጣ። ሰው በጸሎት መካከል ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዶሮ የሰረቀ ዶሮ ታቅፎ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ለጎረቤቱ መርዝ ያዘጋጀ እግሩ ላይ ይወድቃል፤ ተኳርፈው የኖሩ ወንድማማቾች በአደባባይ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ዛሬም ታላቁ ንስሐ ተብሎ ይወራል።

ከወደቡ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ፋቶሎሳ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱን ሁሉም ኢና ሳዳዋ ይላታል፤ የሳዳዋ እናት ማለት ነው፤ ሴት ከወለደች በኋላ በራሷ ስም የሚጠራት የለም። ሳዳዋ የበኩር ልጃቸው ናት፤ ለትዳር የደረሰች፣ ጎደሬ ስትነቅል እንኳ የምታዜም፣ ሳቋ ከምንጩ እስከ መንደሩ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ያሳቶ የሚባል፣ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ለመምህርነት የሚማር ወጣት አስጠይቋት ሁለቱ አባቶች ተስማምተዋል። የያሳቶ አባት «እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ለወጉ ያህል ጥቂት አሳማ ይበቃል» ብሎ ነበር፤ ኢና ሳዳዋም ይህን በሰማች ቀን ጓሮ ገብታ፣ ከሙዙ ሥር ተንበርክካ አምላኳን አመሰገነች።

ለምን መሰላችሁ? ለሙሽራ ቤተ ሰብ የሚሰጠውን አሳማና ወርቅ እኛ ቦዎ እንለዋለን። ቃሉ ስጦታ ማለት ነው፤ ቸርነት ማለትም ነው። ነገር ግን ብዙ ቦዎ የወጣባት ሙሽራ ያንን ሁሉ በባሏ ቤት በወገቧ ነው የምትመልሰው፤ ባሏ አሳማውን ከወንድሙም ከአጎቱም ተበድሮ ነውና የሰጠው። እሱ ሳይጨርስ ቢሞት ልጆቹ ይቀጥላሉ። ኢና ሳዳዋ ይህን ያወቀችው ተነግሯት ሳይሆን ስኳር ድንች ስትሸከም፣ የሰው አሳማ ስትቀልብ፣ አርግዛ ማገዶ ስትፈልጥ ነው። ልጇን ከዚያ ልታወጣት አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር።

በአንድ እሑድ መዝሙሩ እንዳበቃ ፋቶሎሳ ከወንዶቹ መካከል ተነሣ። እንባው አገጩ ላይ ይወርዳል።

«እኔ ሌባ ነኝ» አለ። «ሚስቴን ባገባሁ ጊዜ ትልቁን አሳማ ሲለኩት ጥብቅ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ገመዱ በደረቱ ሲዞር ሁለት ጣቴን ከሥሩ አስገባሁ። ማንም አላየኝም። አሳማው አንድ ልክ የጎደለው ነበር፤ ሙሉ ነው ብዬ ሰጠሁ።»

አሳማ የሚለካው እንዲህ ነው፤ የሐረግ ገመድ በደረቱ ዙሪያ ይጠመጠምና፣ ያ ገመድ ልክ ልክ በተቀረጸበት በትር ላይ ይዘረጋል። አሳማው ለማን እንደሚገባ የሚወስነው ልኩ ነው፤ ለታናሽ ሰው ትንሹ፣ ለታላቅ ሰው ትልቁ።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ በለሰለሰ ድምፅ «አሳማው ለማን ነበር የደረሰው ወንድሜ?» ሲል ጠየቀው።

«ለባሉጉ ታሊዉ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ባሉጉ ማለት ታላቁን ግብር አብልቶ ስሙን የተከለ ሰው ማዕረግ ነው፤ ታሊዉ ደግሞ የኢና ሳዳዋ የእናቷ ወንድም ነበር። የእናት ወንድም በኛ ዘንድ የሕይወት ምንጭ ነው፤ ሲመርቅ ማሕፀን ይከፈታል፣ ሲያዝን ሩዙ ባዶ ገለባ ይሆናል ይባላል። የተጠመቀውም ያልተጠመቀውም ይህን ይፈራል።

«እመልሳለሁ» አለ ፋቶሎሳ። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ ከነእድገቱ እመልሳለሁ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ሕዝቡ ሁሉ መዝሙር አነሣ። የኢና ሳዳዋ ታላቅ ወንድም ሀኦጎ ሮጦ አማቹን አቀፈው። ሳዳዋ በሴቶቹ በኩል ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ዳነ» አለቻት። እናቷ ግን አልዘመረችም። ያልተከፈለ አሳማ በረት ውስጥ እንዳለ አሳማ ነው የሚታሰበው፤ ይወፍራል፣ ይወልዳል፣ የወለዳቸውም ይወልዳሉ። ይህን በልቧ ማስላት የጀመረች በዚያ ቤት እሷ ብቻ ነበረች።

ፋቶሎሳ ቤቱ ገብቶ ጥግብ ብሎ በላ።

«ቀለለኝ» አለ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ደረቴ ላይ ተጋድሞ የኖረ አሳማ ነው የተነሣልኝ።»

«ካንተ ላይስ ተነሣ። የት ሄዶ ተኛ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በረታችን ውስጥ ያለችው አንዲት ከሲታ አሳማ ናት። እሷም ታነክሳለች።»

«እግዚአብሔር ያዘጋጃል።»

«እግዚአብሔር ከነእድገቱ በል አላለህም፤ አንተ ነህ ያልከው።»

ፋቶሎሳ ሳቀ። «ሴቶች ስትባሉ የሰው ደስታ አይዋጥላችሁም።»

«ደስታዬንማ አንተ ዋጥከው። ልጄ ለጥቂት አሳማ ልትዳር ነበር እኮ፤ አሁን ግን ዕዳህ በእሷ ቦዎ ሊከፈል ነው።»

ማኘኩን አቆመ። ነገሩ ገና ያን ጊዜ ነበር የታሰበው። ኢና ሳዳዋ ፊቱን አይታ ይህንን አወቀች፤ ካጠፋውም ከተናገረውም ይልቅ፣ ልጁ አንዲት ጊዜ እንኳ በልቡ አለማለፏ አቃጠላት።

ባሉጉ ታሊዉ እያዘገመ በምርኩዙ መጣ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሏል። ኢና ሳዳዋ ለእንግዳ ክብር የሚቀርበውን የሚታኘክ ቅጠል ከነኖራው በሁለት እጇ አቀረበችለት። ሽማግሌው ፋቶሎሳን ጎንበስ ብሎ ሳመው፤ አለቀሰም፤ የውሸት ልቅሶም አልነበረም።

«ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ኃጢአትህ ከኔ ዘንድ የለም» አለው።

ከዚያ ዘወር ብሎ ለሽማግሌዎቹ ራሱን ነቀነቀ፤ እነሱም የኮኮነት ቅጠል ስንጥር አውጥተው፣ ለእያንዳንዱ አሳማ አንድ አንድ እያሉ በሰሌኑ ላይ ይደረድሩ ጀመር። የመጀመሪያው ለጎደለው ልክ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ስለ ክብር ጉድለት፤ ከዚያ እድገቱ፣ ከዚያ የእድገቱ እድገት። ስንጥሩ ሰሌኑን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ።

«ባሉጉ፣ ይቅር ብለኸኝ የለም?» አለ ፋቶሎሳ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ይቅር ብያለሁ። ይህ የኃጢአትህ ዋጋ አይደለም። ይህ አሳማው ነው።»

ወሬ በመንደር አይታሰርም። በታችኛው ሸለቆ አንድ ሰላዋ፣ ማለትም የመንደር አለቃ፣ ነበር፤ ኮኮነት እያደረቀ ለወደቡ ነጋዴዎች የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጸጉሩ የሸበተ። ሰው ላከ፤ «ሳዳዋን ስጡኝ፣ ስንጥሩን በሙሉ እኔ አነሣለሁ» አለ። ፋቶሎሳ እሺም እምቢም ሳይል መሬት መሬት አየ።

«ወንድሜ ጋ ሳልደርስ ቃል እንዳትሰጥ» አለችው ኢና ሳዳዋ። «ቃል ለመስጠት አፍህ ፈጣን ነው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሀኦጎ ቤት ደረሰች። ሀኦጎ ከደረጃው ሥር ቅርጫት ይጠግን ነበር።

«ያቺ አንድ ልክ የጎደለባት እህቴ መጣች» አላት ገና ከሩቅ።

«ሥጋውን ስትበላ ጉድለቱ አልታየህም ነበር ጋሼ።»

«ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ዓይኔ ስቡ ላይ ነበር።»

ተሳሳቁ። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለችና ነገሩን ሁሉ አወራችው፤ ስለ ሰላዋው፣ ስለ ያሳቶ፣ ስለ ስንጥሩ።

«እኔ ብሆን ዛሬውኑ እተወው ነበር» አለ ሀኦጎ። «ግን አሳማውን እኔ ተቀብዬ ለአጎቴ አሳለፍኩት እንጂ የኔ አይደለም። የሌላ ሰው ዕዳ እንዴት እምራለሁ?»

«አጎታችንን ለምንልኝ እንጂ ማርልኝ አላልኩህም።»

«ከለመንኩትስ ምን እንዲያደርግ ነው?»

«እድገቱን ይተው። አንዱን አሳማ ሙሉ አድርገን እንሰጠዋለን። ተበድሬም ቢሆን።»

ሀኦጎ ቅርጫቱን አስቀመጠ። «አንቺን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩሽ» አለ። «ከባድ ነበርሽ። አሁንም አልቀለልሽም። ግዴለም፣ እሄዳለሁ።»

ሄደም። ከሽማግሌው ጋር እንዴት እንደተነጋገሩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ብቻ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ባሉጉ ስለ ክርስቶስ ብሎ እድገቱን ሊተው፣ አንድ ሙሉ አሳማ ብቻ ሊቀበል ተስማምቷል። የቀረው በሀኦጎ ቤት አብሮ መብላት ነበር፤ አብሮ ያልተበላበት ስምምነት በኛ ዘንድ ስምምነት አይባልም።

በቀጠሮው እሑድ ጠዋት ሁሉም በጸሎት ቤት አብረው ዘመሩ፤ ከዚያም ወደ ሀኦጎ ቤት ሄዱ። ባሉጉ አሳማ አሳርዶ ነበር፤ ከራሱ በረት፣ ለእህቱ ልጅ ክብር ብሎ። ሥጋው በየድርሻው ተከፍሎ፣ በቅጠል ተዘርግቶ ቀረበ፤ የታችኛው መንጋጋም በኢና ሳዳዋ ፊት ተቀመጠ። ከአሳማ ሁሉ የከበረው ድርሻ መንጋጋ ነው። ሀኦጎ ኩራት ተሰምቶት ፈገግ አለ፤ ለሴት መንጋጋ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይታይም።

«ብይ ልጄ» አለ ባሉጉ። «ቦዎ ነው።»

ኢና ሳዳዋ መንጋጋውን አየችው፤ ስቡ ያበራል፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እጇ ግን አልተነሣም። መንጋጋ የበላ ሰው ተራው ሲደርስ እኩያ አሳማ አርዶ እኩያ መንጋጋ ያቀርባል፤ እሱ ካልቻለ ልጁ። ሳዳዋ ከያሳቶ ጋር ጎጆ በወጣች ማግስት አንድ ሰው ደጃፏ ቆሞ፣ ያ እናትሽ የበላችው መንጋጋ ሲላት ታያት። ደግሞም ልቧ ለስልሶ ነበር፤ ጠዋት አብረው የዘመሩትን አምናለች፤ ይቅር ከተባባልን ዕዳ የሚሉት ነገር ከዛሬ ወዲያ የለም ብላ አምናለች። ወዳጆቼ፣ ስህተቷ ይህ ነበር። ሰው ይቅር ሲል ሁሉንም ይቅር የሚል መስሏት ነበር።

ቅጠሉን በቀስታ ወደ ፊት ገፋችው።

«አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሌላው ሥጋ እበላለሁ። መንጋጋው ይቅርብኝ።»

«ለምን?»

«የምትመልሰው ልጄ ስለሆነች።»

ማኘክ ቆመ። ሀኦጎ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «እህቴ፣ አንዴ ንከሺና አስቀምጪው። ጥርስሽን ብቻ አስነኪው» አላት።

«ጋሼ፣ ጥርሴን ካስነካሁት በላሁት ማለት አይደል?»

ባሉጉ ታሊዉ ለመቆጣት አልቸኮለም፤ ከቁጣም ይልቅ ግራ የገባው ይመስል ነበር። «እናትሽን የዳርኳት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ስትወለጂ ጫጩት ታቅፌ መጥቼ ነው ስም ያወጣሁልሽ። እድሜዬን ሙሉ ስሰጥ ኖርኩ። ያ ሁሉ ዕዳ ነው እያልሽኝ ነው?»

«አላልኩም አባባ። አንተ ስትሰጥ በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ሲጠየቅ ግን በፍቅር አይጠየቅም።»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። የሀኦጎ ሚስት ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች። ባሉጉ ምርኩዙን ፈልጎ አነሣና በእሱ ተደግፎ ቆመ።

«መንጋጋዬን የማይቀበል አፍ» አለ፣ «ይቅርታዬን በምን ይቀበለዋል?»

ሰዎቹም ተከትለውት ተነሡ። ሥጋው እንደ ቀረበ ቀረ። ሀኦጎ እስከ ደረጃው ድረስ እየለመነ ወረደ፤ ሽማግሌው ግን ዞሮ አላየም። ከሰዓት በኋላ ስንጥሩ በሙሉ፣ በገመድ ታስሮ፣ በፋቶሎሳ ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

ሳዳዋ እናቷን ከምንጩ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ውሃ የሞላ የቀርከሃ መቅጃ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ አላወረደችውም።

«ተስማሙ እማዬ?»

ኢና ሳዳዋ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ምንም አልደበቀችም። ሳዳዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«መንጋጋውን ብትበዪው ኖሮ አልቆ ነበር?»

«የዛሬው አልቆ ነበር። ሌላ ዕዳ ግን ይወለድብሽ ነበር።»

«ስንት አሳማ?»

«አንድ። ምናልባት ሲያድግ ሁለት።»

የሳዳዋ ትከሻ ዘመም አለ። ውሃው ትከሻዋ ላይ ፈሰሰ፤ አልጠረገችውም።

«እሱን እኮ ከያሳቶ ጋር ሆኜ እከፍለው ነበር» አለች። «አሳማ ማርባት አልሰንፍም። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እናትም ይህን ያሰበችው ገና ያን ጊዜ ነበር። ባሏ በጸሎት ቤት ቆሞ ስለ ልጁ ሳያስብ ተናገረ፤ እሷ ደግሞ ስለ ልጇ ብቻ እያሰበች ተናገረች፤ ልጅቷ ግን በሁለቱም ቀን አፍ አልነበራትም። ያን ቀን ከምንጩ እስከ ቤት ሳዳዋ ከፊት፣ እናቷ ከኋላ ሆነው ሄዱ።

የሳዳዋና የሰላዋው ሰርግ ከመከሩ በኋላ ሆነ። ሰላዋው አሳማዎቹን በቀርከሃ አሸክሞ፣ ሰልፍ አስይዞ አመጣ፤ ነጋሪትና የነሐስ ደወል ተመታ። ከአሳማዎቹ የበዙት የሰው መሆናቸው፣ ከአጎቶቹና ከወደቡ ነጋዴዎች ተበድሮ እንዳመጣቸው የታወቀው ቆይቶ ነው። ያሳቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ መምህር ሆኖ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ተላከ ይባላል። ለኢና ሳዳዋ እንደ ወጉ የእናት ድርሻ ተብሎ አንዲት አሳማ ቀረበላት። አልገፋቻትም። መንጋጋውን ገፍታ ምን እንደመጣ አይታለችና።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኮኮነት ዋጋ ወረደ፤ አበዳሪዎቹ በሰላዋው ደጃፍ ተሰለፉ። ሳዳዋ ኮኮነት ስትልጥ፣ ስታደርቅ፣ ስትሸከም ኖረች፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ወለደች። ባሏ ሲሞት ወንዶቹ ዕዳውን ወረሱ፤ ሴቷ ልጅ ገና ድክ ድክ ስትል፣ አንዱ አበዳሪ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ «ይህች ለልጄ ትሆናለች» ብሎ ስንጥሩን ቀነሰ። ሳዳዋ በየወሩ እናቷን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ አኩርፋ አታውቅም። ጎደሬ ታመጣለች፣ የእናቷን ጸጉር ትሠራለች፣ ትሄዳለች። ዝማሬ ግን ከአፏ የሰማ የለም።

ፋቶሎሳ ሸምግሎ በሰላም ሞተ። ሁለቱ ጣቶቹ በየጸሎት ቤቱ ለምስክርነት ይነገሩ ነበር፤ ከሩቅ መንደር ድረስ ሰው እየመጣ ያን የተናዘዘውን ሰው አሳዩን ይላል፤ እሱም ያለ ኩራት፣ በእንባ ያወራላቸዋል። በታላቁ ንስሐ ስንት ሰው እንደ ተጠመቀ፣ ስንት የተሰረቀ ዕቃ ለባለቤቱ እንደ ተመለሰ የሚያወሩ ብዙዎች ናቸው፤ የሚሉትም እውነት ነው፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ክፋት ከመንደራችን ወጥቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የፋቶሎሳን ንስሐ ያነሣ ሰው ግን ልጁ ሳዳዋ የት እንደገባች አይጨምርም። የከፈለው ሰው ስም ከተናዘዘው ሰው ስም ጋር አልተነገረም።

እኔ እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በልጃችሁ ስም ልትቀበሉም ሆነ እምቢ ልትሉ ስትነሡ፣ እባካችሁ፣ አስቀድማችሁ ልጃችሁን ጠይቁ።